አመዱ መቼ ወረደ? ከስምጥ ሸለቆ እስከ ቢታ ረግረጎች የሚዘልቅ የዕድሜ ቆጠራ ጥያቄ

በካፋ ደጋ ሸለቆዎች ወለል ላይ ውሃ አቁሮ ቄጠማና ፊላ የሚያበቅል መሬት ብዙ ነው። በቢታ ገነት ዙሪያም ሆነ ከቦንጋ ወዲያ በጎጀብ ተፋሰስ እንዲህ ያለው ቦታ በበጋ የከብት መዋያ ነው፤ በክረምት ደግሞ ማንም የማይደፍረው ጭቃ። እርጥበቱ ዓመቱን ሙሉ በማይለቀው ረግረግ ውስጥ የሞተው ሣር አየር ስለማያገኝ በቅጡ አይበሰብስም፤ ሥሩና ቅጠሉ ከዓመት ዓመት እየተደራረበ ጥቁር አፈር ይሆናል። ባለሙያዎች ፒት ይሉታል። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ሁለት ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ የተቀበረ የእሳተ ገሞራ አመድ መቼ እንደ ወረደ በራዲዮካርቦን ማወቅ ይቻላል ወይ? ከተቻለስ የሚገኘውን ቁጥር ምን ያህል እንመነው?

ካፋ ውስጥ እሳተ ገሞራ የት አለና አመድ ይፈለጋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። የካፋ ተራሮች ራሳቸው ከጥንት የላቫ ፍሰት የተሠሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ግን በሚሊዮኖች ዓመታት ይቆጠራል። በቅርብ ዘመን ደጋግሞ የፈነዳው እሳት በስተ ምሥራቅ በስምጥ ሸለቆ ነው፤ ሻላ፣ ኮርቤቲ፣ አሉቶ። ሐዋሳ አጠገብ ካለው ከኮርቤቲ እስከ ቦንጋ በአየር ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለአመድ ይህ ሩቅ መንገድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የሴሊን ቪዳልና የባልደረቦቿ ጥናት፣ በኦሞ ኪቢሽ የጥንቱ ሰው ቅሪተ አካል ከተገኘበት ደለል በላይ ያለውን አመድ ከሻላ ፍንዳታ ጋር አገናኝቶታል። የፍንዳታው ዕድሜ 233,000 ዓመት ነው፤ የስህተት ወሰኑም 22,000 ዓመት ወደ ላይና ወደ ታች። ከሻላ እስከ ኪቢሽ ያለው ርቀት ከሻላ እስከ ቦንጋ ካለው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል።

አቅጣጫውን የሚወስነው ወቅቱ ነው። በኅዳር 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድ ደረሰ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ ናብሮ ሲፈነዳ ግን አመዱ የሄደው በተቃራኒው፣ ወደ ሱዳን ነበር። በክረምት ከፍታው ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሆነ፣ ኮርቤቲ በሐምሌ ቢፈነዳ አመዱ የሚያቀናው ወደ ካፋና ወደ ሸካ ነው። ከቢታ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ቴፒ የሚባል ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ በስሚዝሶኒያን ተቋም የዓለም እሳተ ገሞራዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የፈነዳበት ዓመት የተጻፈለት ግን አይደለም።

ኮረብታ ላይ ያረፈ ቀጭን አመድ የካፋን ዝናብ አይቋቋምም፤ በአንድ ሁለት ክረምት ታጥቦ ወንዝ ይገባል። ረግረግ ላይ ያረፈውን ግን ቄጠማው ይይዘዋል፣ በቀጣዩ ዓመት የሚሞተው ሣር ይሸፍነዋል፣ ውሃው ደግሞ ከሚቆፍረው ምስጥና ከአይጥ ይጠብቀዋል። ሐይቅም እንዲሁ አመድ ይይዛል፤ ካፋ ግን እንደ ሐዋሳና እንደ ጫሞ ያለ ትልቅ ሐይቅ የላትም። ለዚህ አካባቢ ያለው ረግረጉ ነው።

እዚህ ላይ አመድ የምንለው ከምድጃ የሚዛቀውን አይደለም። የቀለጠ ዓለት በጋዝ ግፊት ተበጣጥሶ በአየር ላይ የደረቀ ብርጭቆ ነው፤ ከባልጩት ጋር አንድ ዘር። በውስጡ ከሕይወት የመጣ ካርቦን ስለሌለ ራዲዮካርቦን አመዱን በቀጥታ ሊቆጥረው አይችልም። ለጥንታዊ አመድ ሌላ መንገድ አለ፤ ፖታሲየም ያላቸው ክሪስታሎች ከተገኙ ፖታሲየሙ ወደ አርገን የተለወጠበት መጠን ይለካል። የሻላው ዕድሜ የተገኘው በዚህ ነው። ለጥቂት ሺህ ዓመት አመድ ግን የሚጠራቀመው አርገን ኢምንት ነው። በዚያ ላይ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚደርስ አመድ ከበድ ከበድ ያለውን ክሪስታል መንገድ ላይ እያራገፈ ቀላሉን ብርጭቆ ብቻ ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሚቆጠረው አመዱን ከላይና ከታች ያቀፈው ፒት ነው። ከሥሩ ያለው ሣር ከፍንዳታው በፊት ሞቷል፣ ከላዩ ያለው በኋላ በቅሏል፤ የአመዱ ቀን በሁለቱ መካከል ነው። «የአመዱ ዕድሜ» ተብሎ የሚታተም ቁጥር ሁሉ በእውነቱ የጎረቤቱ ዕድሜ መሆኑን መያዝ ያስፈልጋል፤ የጥያቄው ክብደት ሁሉ ያለው ጎረቤቱ ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

የዘዴው መሠረት ለብዙ አንባቢ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ ልለፈው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በላይኛው አየር ናይትሮጅንን ወደ ካርቦን 14 ይለውጣል፤ ዕፅዋት ከአየር ይወስዱታል፤ ሲሞቱ መውሰድ ያቆማሉ፤ የያዙትም በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ዊላርድ ሊቢ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1949 ይፋ አድርጎ በ1960 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሞበታል። ከ50,000 ዓመት በኋላ ከመነሻው የሚተርፈው ከሺህ ሁለት ያህል ብቻ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ቆጠራው አይረዳም። አንድ ማሳሰቢያ ግን አይታለፍም። በቤተ ሙከራ ወረቀት ላይ «ከአሁን በፊት» ሲባል «አሁን» የሚባለው እ.ኤ.አ. 1950 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 1942። በሁለት የዘመን አቆጣጠር ለምንኖር ሰዎች ይህ ሲዘነጋ ስህተቱ በአሥርታት ይቆጠራል።

ፒት ውስጥ አመድ የመፈለጉ ጥበብ የተወለደው በሰሜን አውሮፓ ነው። አይስላንዳዊው ሲጉርዱር ቶራሪንሶን እ.ኤ.አ. በ1944 በአመድ ንጣፎች ዘመን የመቁጠርን ትምህርት ስም ሰጥቶ መሠረት ጣለለት። በ1960ዎቹ ክሪስተር ፔርሶን ከአይስላንድ የተነሣ አመድ በስካንዲኔቪያ ረግረጎች ውስጥ አገኘ፤ በ1989 አንድሩ ዱግሞር በስኮትላንድ። አመዱ በዓይን አይታይም ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቤልፋስቶቹ የጆናታን ፒልቸርና የቫለሪ ሆል ሥራ ነው። ሄክላ ከተባለው ተራራ የወጣን አንድ አመድ በአየርላንድ ፒት ውስጥ አግኝተው፣ ከላዩና ከሥሩ በተከታታይ ከተቆረጡ ስስ ቁራጮች ብዙ ራዲዮካርቦን አስቆጠሩ። የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል በዛፍ ቀለበት ከተሠራው መለኪያ ጋር እያስተያዩ ገጠሙት፤ መለኪያው ከፍ ዝቅ የሚልባቸው ቦታዎች ከፒቱ ከፍ ዝቅ ጋር ሲገጥሙ ዘመኑ ይቆለፋል። በ1995 ያሳተሙት ውጤት ከክርስቶስ ልደት በፊት 2310 ሲሆን የስህተት ወሰኑ 20 ዓመት ብቻ ነበር። አንድ ነጠላ ናሙና ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ወሰን ከዚህ በብዙ ይሰፋል። አመድን በፒት መቁጠር እስከ የት ሊያደርስ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሰው ይህን ሥራ ይመልከት።

ይህን ዘዴ እንዳለ አንሥቶ ወደ ካፋ ማምጣት ግን አይቻልም፤ ምክንያቱ ሣሩ ነው። የአየርላንድን ፒት በአብዛኛው የሚሠራው ሽበት የሚባል ሥር የሌለው ትንሽ ተክል ነው፤ በላዩ ያድጋል፣ ከታቹ ይሞታል፣ ወደ ጥልቁ የሚልከው ነገር የለም። የእኛን ረግረግ የሚሞላው ቄጠማ ግን ሥሩን ቁልቁል ይሰድዳል። ዛሬ የበቀለ ቄጠማ ሥሩን የጥንት ሣር ውስጥ ሰክቶ ሲሞት የዛሬን ካርቦን ከድሮው ጋር ያቀላቅላል። ነገሩን በቁጥር እንየው። እውነተኛ የራዲዮካርቦን ዕድሜው 2,300 ዓመት በሆነ ፒት ውስጥ ከካርቦኑ 10 በመቶ የዛሬ ሥር ቢሆን ቆጠራው 2,040 ገደማ ይላል። 260 ዓመት ተሰረቀ ማለት ነው። ይኸው አንድ አመድ በሁለት ረግረግ ውስጥ በተለያየ መጠን ሥር ቢገባበት ሁለት ፍንዳታ መስሎ ይመዘገባል።

ሌላው ችግር የማይታየው ነው። ከበሰበሰ ሣር የሚወጣ ጥቁር አሲድ በውሃ ተሟሙቶ ወደ ታች ይወርዳል። ለዚህ ናሙናው በጨው አሲድ፣ ከዚያ በአልካሊ፣ እንደገና በአሲድ ይታጠባል፤ አልካሊው ጥቁሩን ፈሳሽ ይዞት ይወጣል። ሥሩን ግን ኬሚካል አይለየውም። የሚለየው በእጅ ነው፤ በማጉያ መነጽር ሥር ተቀምጦ ከቁራጩ ውስጥ የቄጠማ ፍሬ፣ ቅጠል፣ ወይም ከጎን ካለው ደን የወደቀ ዘር በወረንጦ መልቀም። ፍሬ ከላይ የወደቀ እንጂ ከታች የበቀለ አይደለም። ዛሬ ካርቦን 14ን አቶም በአቶም የሚቆጥረው የማፋጠኛ መሣሪያ የሚፈልገው አንድ ሚሊ ግራም ያህል ካርቦን ስለሆነ ጥቂት ፍሬ ይበቃል። በሊቢ ዘመን በግራም የሚቆጠር ካርቦን ያስፈልግ ስለነበር ሙሉ ቁራጩ ከነሥሩ ነበር የሚቃጠለው። ከአገራችን ደጋ ረግረጎች የተገኙ የቀድሞ ቁጥሮችም በአብዛኛው እንዲህ ከጅምላ ፒት የተቆጠሩ መሆናቸውን እያስታወስን ማንበብ አለብን።

እነዚያ የቀድሞ ሥራዎች ግን ውለታቸው ትልቅ ነው። ሬሞንድ ቦንፊይና አላን ሃሚልተን ከአርሲ ባዳ ተራራ፣ መሐመድ ኡመርና ቦንፊይ ከባሌ ታምሳ የደጋ ፒት አውጥተው የጥንቱን ዕፅዋት በአበባ ብናኝ አንብበዋል፤ የታምሳው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሟል። በባሌ አናት ላይ ያለው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ከ16,000 ዓመት በላይ የተጠራቀመ ደለል ይዞ ተገኝቷል። ጣና ደግሞ ለብዙ ሰው እንግዳ የሆነ ነገር ደብቆ ኖሯል። ሄንሪ ላምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሳዩት ሐይቁ አንድ ዘመን ደርቆ ነበር፤ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ዛሬ ጥልቅ ውሃ ያለበት መሃሉ የደንገል ረግረግ ነበር፤ ያን የሚመሰክረው ከደለሉ ሥር የተገኘው ፒት ነው።

ወደ አመዱ ስንመለስ፣ በአገራችን ከራዲዮካርቦን ጋር ስሙ በደንብ የሚነሣው ፍንዳታ የኮርቤቲው ወንዶ ኮሼ ነው። ብሎኬት የሚሠራበትን ዓይነት ነጭ ፑሚስ ከሐዋሳ ዙሪያ ጀምሮ በሰፊው የበተነ ፍንዳታ ነበር። ቮይቴክ ራፕሪክና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተመው ሥራ፣ ፑሚሱ የቀበረውን አሮጌ አፈር በራዲዮካርቦን አስቆጥሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት 396 የሚል ቀን ሰጠ፤ ወሰኑ 38 ዓመት። ሥራው ጠቃሚ መሆኑ አያከራክርም። ስለ ቁጥሩ ግን የምለው አለኝ። የተቀበረ አፈር የሚይዘው ካርቦን ለመቶዎች ዓመታት የተጠራቀመ ስለሆነ ቀኑ ከፍንዳታው ቀድሞ ሊገኝ ይችላል። ከላዩ ያለው ደግሞ ድንጋይ ነውና በሌላ ወገን የሚገድበው ቀን የለም። ሌላም ነገር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ባለው ጊዜ የራዲዮካርቦን መለኪያ ጠፍጣፋ ነው፤ በዚያ ዘመን የሞቱ ነገሮች አራት መቶ ዓመት ተራርቀውም ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣሉ። 396 የቆመው በዚህ ሜዳ ጫፍ ላይ ነው። ጥቂት ወደ ኋላ ቢንሸራተት አራት ምዕተ ዓመት ሙሉ ክፍት ይሆናል። ይህን የሚዘጋው ከላይም ከታችም የተቆጠረ፣ ቁራጭ በቁራጭ የተሰለፈ ፒት ነው።

የሐይቆቹ ምስክርነት ሌላ ነገር ይጨምራል። ካትሪን ማርቲን ጆንስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ከጫሞና ከኮርቤቲ በስተ ምዕራብ ካለው ከጢሎ ሐይቅ ደለል ያገኙትን አመድ በኬሚካሉ ለይተው፣ ኮርቤቲ ከበረዶ ዘመን ወዲህ በአማካይ በየ900 ዓመቱ ትልቅ ፍንዳታ እንዳደረገ ጽፈዋል። ጫሞ ከኮርቤቲ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የኮርቤቲ መሬት ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲያብጥ በሳተላይት ስለተለካ፣ 900 የሚለው ቁጥር ለሐዋሳ ነዋሪ ከተራ የምሁራን ጉዳይ በላይ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ግን የራሳቸው እንከን አላቸው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ካርቦን 14 የሌለበት ጋዝና ፍል ውሃ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ አልጌው ያንን ይመገባል፤ ሕያው ሆኖ ሳለ ያረጀ ይመስላል። ቀኖቹ ወደ ኋላ ይሳባሉ። የረግረግ ቄጠማ ቅጠሉን አየር ላይ ዘርግቶ የሚተነፍስ በመሆኑና ካፋ ከስምጥ ሸለቆው ጋዝ የራቀች በመሆኗ፣ የቢታ ፒት ከዚህ ስህተት ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ሐይቁ ቀኑን ያስረጃል፣ ሥሩ ያሳንሰዋል። አንድን አመድ በሁለቱም መቁጠር ከሁለቱም ወገን ያለውን ስህተት ያጋልጣል።

የመለኪያው ጉዳይ በእኛ ኬክሮስ ሌላ ጣጣ አለው። ራዲዮካርቦንን ወደ ዘመን የሚለውጡ ሁለት መለኪያዎች አሉ፤ አንዱ ለሰሜን ንፍቀ ክበብ፣ አንዱ ለደቡብ። የደቡቡ አየር ካርቦን 14 ትንሽ ስለሚያንሰው ቁጥሩ በአማካይ 36 ዓመት ያህል ይበልጣል። ቢታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት፤ ሣሩ የሚያድገው ግን ከደቡብ የሚመጣው እርጥብ አየር በሚደርስበት ወቅት ነው። ስለዚህ ለካፋ የሁለቱ ድብልቅ ይሻላል የሚል ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ያም ሆነ ይህ፣ የትኛው መለኪያ እንደ ተወሰደ ያልጻፈ ሥራ ቁጥሩን አላስረከበም።

አመዱን የማግኘቱ ሥራ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው ግማሽ ክብ ቱቦ ፒቱ ተወግቶ ሲወጣ አንዳንዴ ቡናማ ነው፤ አየር ሲነካው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠቁራል። ከሩቅ የመጣ አመድ በዓይን ስለማይታይ ፒቱ በየሴንቲ ሜትሩ ተቆርጦ በ550 ዲግሪ ይቃጠላል፤ ሣሩ ይጠፋል፣ ማዕድኑ ይቀራል። ከዚያ በወንፊት ይጠራል፣ ክብደቱ በተመጠነ ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋል፣ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። የካፋ ፈተና የሚመጣው እዚህ ነው። ሣርና ቄጠማ በቅጠላቸው ውስጥ የሲሊካ ቅንጣት ይሠራሉ፤ እሱም ጥርት ያለ ነው፣ በመጠንም ከአመዱ ብርጭቆ ጋር ይቀራረባል፤ በአንድ ቁራጭ ውስጥም እልፍ ነው። ዓይን የሚለየው የአመዱን ሹል ጠርዝና የተሰበረ የጋዝ ፊኛ ቅርጽ በማየት ነው፤ ፈሳሹም ይረዳል፣ የሣሩ ቅንጣት ከአመዱ ይቀልላልና። ብርጭቆው ከተገኘ በኤሌክትሮን ጨረር የሶዲየሙ፣ የብረቱና የሲሊካው መጠን ይለካል። የስምጥ ሸለቆ ተራሮች ሶዲየምና ብረት የበዛበት ብርጭቆ ስለሚተፉ መነሻቸው ይታወቃል። ኮርቤቲን ከአሉቶ መለየት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ይመሳሰላሉ።

አመዱ አንዴ ከታወቀ በኋላ ሌላውን ሁሉ ያስተሳስራል። ስቲቨን ብራንትና ኤሊዛቤት ሂልደብራንድ በመሩት የካፋ የአርኪዮሎጂ ፕሮጀክት እንደ ኩማሊ ያሉ ዋሻዎች ተቆፍረው በራዲዮካርቦን ተቆጥረዋል፤ በወላይታ ዳሞታ ተራራ ላይ ያለው የሞቼ ቦራጎ ዋሻ በአመድ ንጣፎች የተከፋፈለ የሰው መኖሪያ ይዟል፤ ጋሞ ውስጥ የሞታ ዋሻ ሰው 4,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። አንድ የተቆጠረ አመድ በረግረግም በዋሻም ቢገኝ፣ ደኑ የተለወጠበትንና ሰው ከብትና እንሰት ይዞ የመጣበትን ዘመን በአንድ መስመር ላይ ለማሰለፍ ያስችላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ፒቱ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ረግረግ በቦይ እየተጠነፈፈ በቆሎ ይዘራበታል፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። የገበሬው ችግር እውነተኛ ነው፤ መሬት ጠቧል፣ በሐምሌ የሚበላ እህል የሚገኘውም ከዚያው ሊሆን ይችላል። ሆኖም ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ አየር ይገባል፣ ላዩ በስብሶ ይጠፋል፣ ሥር ቀድሞ ወደማይደርስበት ጥልቀት ይደርሳል፣ ማረሻው ንጣፉን ያማስለዋል። ከላይ ያለው ክፍል ደግሞ የመጨረሻዎቹ ፍንዳታዎች የሚገኙበት ነው። ለዚህ ነው ናሙናው ከቦዩ መቅደም አለበት የምለው። ወጪው የሚያስፈራ አይደለም፤ አንድ ቆጠራ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ ለአንድ አመድ ከላይም ከታችም አሥር ያህል ቢደረግ ይበቃል። መሣሪያው አገር ውስጥ ባይኖርም ጆሃንስበርግ የሚገኘው ኢቴምባ ላብስ በአፍሪካ የመጀመሪያው በሆነው የማፋጠኛ መሣሪያ ይቆጥራል። ከቢታ ረግረግ በቱቦ የሚወጣው የፒት ዘንግ በቁመቱ ተሰንጥቆ ግማሹ ለቆጠራ ሲላክ፣ ግማሹ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ጥልቀቱ ተጽፎበት፣ ቦንጋ ወይም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቀዝቃዛ ክፍል ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ የተሻለ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከዚያው ዘንግ ላይ ሌላ ፍሬ ለቅሞ ቁጥሩን መፈተሽ ይችላል።